በሁለት ማግኔቶች መሃል ያለው ምንድን ነው? ከመስክ ወደ ቨርቹዋል ፓርቲክል የሄድኩበት መንገድ

«ማግኔቶች የሚሳሳቡትና የሚገፋፉት ቨርቹዋል ፎቶን እየተወራወሩ ነው።» ፊዚክስን በራሱ የሚማር ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። (ፓርቲክል ማለት ቅንጣት ነው፤ ፎቶን የብርሃን ቅንጣት ነው፤ «ቨርቹዋል» የሚለውን ኋላ እናየዋለን።) ቪዲዮ ላይ ይሰማዋል፤ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባ ጓደኛው ይነግረዋል። ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። የሚወራወሩ ከሆነ ለምን አናያቸውም? ማግኔቱ ስንት ፎቶን ይዟል? አያልቅበትም? መወራወር መገፋፋትን ያመጣል እንበል፤ መሳሳብንስ እንዴት ያመጣል?

እኔም እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ብዙ ተንከራትቻለሁ። ሥራዬ ሌላ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ወደ ፊዚክስ የመለሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲደርስ በማግኔት ጉዳይ ጥያቄ አበዛብኝ፤ እኔም መልስ ፍለጋ ወጣሁ። በዚያ ላይ ሰፈራችን አቶቴ አካባቢ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር አሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከዚህ በታች ካለው ውስጥ ብዙውን ያገኘሁት እሳቸው ደጃፍ ቡና እየጠጣን ነው።

ለጀማሪ የምለው ነገር አንድ ነው። ያንን የመወራወር ዓረፍተ ነገር ለጊዜው አስቀምጠው። መጀመሪያ መግነጢሳዊ መስክን በእጅህ፣ በዓይንህ፣ በስልክህ እወቀው። ቨርቹዋል ፓርቲክል ኋላ ሲመጣ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ስልክ ጠጋኝና ቴፕ ጠጋኝ ቤቶች ውስጥ የተቃጠለ ስፒከር አይጠፋም፤ ከጀርባው ያለው ጥቁር ቀለበት ጥሩ ማግኔት ነው። ብረታ ብረት ቤት ሄደህ ከመጋዙ ሥር የወደቀውን የብረት ብናኝ በወረቀት ጠቅልሉልኝ ብትል ማንም አይከለክልህም። የልብስ መርፌ፣ ክር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ ሽቦ። ስልክህ ኮምፓስ ካለው ማግኔት የሚለካ ሴንሰር አለው ማለት ነው። ፋይፎክስ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ የሴንሰሩን ቁጥር በቀጥታ ያሳያል፤ የሠሩት ጀርመን አገር የአኽን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የስፒከሩን ማግኔት ስልክህ ላይ አታስጠጋው። የባንክ ካርድህንም አርቅ።

መጀመሪያ ምንም ማግኔት ሳትይዝ ለካ። እኔ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ከብረት አጥርና ከመኪና ራቅ ብዬ ስልኩን አግድም ዘረጋሁት። ቁጥሩ 35 ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ይረጋል። ይህ የምድር የራሷ ማግኔት ነው። ባጃጅ አጠገብ ሲቆሙ ቁጥሩ ይዘላል፤ የቆርቆሮውና የሞተሩ ብረት ጣልቃ ስለሚገባ ነው።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ላለ ሰው የተለየ ጸጋ አለ። ሴንሰሩ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ሁለቱ አግድም ናቸው፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። እዚህ የሦስተኛው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል፤ እኛም ለእሱ ቅርብ ነን። ስለዚህ የማግኔቱ አቅጣጫ ከሞላ ጎደል መሬት ላይ እንደተነጠፈ ሆኖ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ለንደን ብትለካ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል፤ ጥንካሬውም ወደ 50 ማይክሮቴስላ ይጠጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህንን የሚከታተል የመለኪያ ጣቢያ ከ1958 ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታዲያ መስክ ማለት ምንድን ነው? አሁን የለካኸው ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ጥንካሬና አንድ አቅጣጫ አለ። ስልኩን እዚህ ብታደርገው ይህን ያህል፣ እዚያ ብታደርገው ያንን ያህል። ባዶ የመሰለው ቦታ ሁሉ ቁጥርና አቅጣጫ አለው። ለመጀመሪያው ደረጃ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «መስኩ ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣል፤ ትንሽ ይቆይ።

ቀጥሎ የብረት ብናኙ። ማግኔቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ በላዩ ወፍራም ወረቀት አድርግ። ብናኙን በስሱ ነስንሰህ ወረቀቱን በጣት ጠቅ ጠቅ አድርገው። ያ በመማሪያ መጽሐፍ ያየነው የመስመር ሥዕል ይወጣል። የእህቴ ልጅ ሲያየው በደስታ ጮኸ። «እነዚህ ናቸው ማግኔቱን የሚይዙት!» አለ።

ጋሼ ዝም ብለው አዩና ጠየቁት። «በሁለቱ መስመር መሃል ባዶ አለ አይደል? እዚያ ማግኔት የለም ማለት ነው?»

ልጁ ዝም አለ። እሳቸው መርፌ አወጡ። በማግኔቱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ደጋግመው አሹት፤ ከዚያ ወገቡን በክር አስረው አንጠለጠሉት። መርፌው ራሱ ትንሽ ማግኔት ሆኗል። ከወረቀቱ በላይ በመስመሮቹ መሃል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያዙት። ዞሮ ቆመ። ወደ መስመሩ ወሰዱት፤ እዚያም ዞሮ ቆመ። ልዩነት የለም። ከዚያ ብናኙን ሰብስበው እንደገና ነሰነሱት። መስመሮቹ ወጡ፤ ግን በፊት በነበሩበት ቦታ አልነበሩም። ቅርጹ ያው ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ግን ሌላ ነው።

የብናኙ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ማግኔት ይሆናሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው ይያያዛል፤ ስለዚህ ሰንሰለት ይሠራሉ። መስመሩን የሠራው ብናኙ ነው። መስኩ ግን በሁሉም ቦታ አለ። መጽሐፍ ላይ ስምንት መስመር የሚሳለው ወረቀቱ ስለሚበቃ ነው፤ አሥራ ስድስት ቢሳልም ስህተት የለውም። መስመሩ መስኩን ለማየትና ለማስላት የምንሥለው ነው።

ይህን ነጥብ አጥብቀህ ያዝ። ቨርቹዋል ፓርቲክል ላይ ስንደርስ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፦ የሚለካው የትኛው ነው? ለስሌት ብለን የሣልነውስ የትኛው ነው?

ከዚያ ወደ ሽቦው እንሂድ። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ። ይህን ዛሬ ማንም ሰው ቤቱ ሊያየው ይችላል። ሽቦውን ከስልኩ ሴንሰር በላይ በአንድ ሴንቲሜትር ያህል ርቀት አሳልፈህ የባትሪ ድንጋዩን ሁለት ጫፍ ለአንድ አፍታ ንካበት። በአንድ ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1 አምፔር ከረንት የሚሠራው መስክ 20 ማይክሮቴስላ ነው። 2 አምፔር ከሆነ 40 ነው፤ ማለትም ከሐዋሳው የምድር ማግኔት ይበልጣል። የባትሪውን አቅጣጫ ብትገለብጠው የመስኩም አቅጣጫ ይገለበጣል። ሽቦው ስለሚግል ቶሎ ልቀቀው። የመኪና ባትሪ ወይም የግድግዳ ሶኬት ግን በፍጹም እንዳትሞክር።

እዚህ ያስደነቀኝ የኤሌክትሮኖቹ ዝግታ ነው። አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ውስጥ 1 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የሚጓዙት በሰከንድ 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለመሄድ አራት ሰዓት ሊሞላቸው ትንሽ ይቀራል። ታዲያ ይህን ያህል የሚያዘግም ነገር እንዴት መርፌ ያዞራል? መልሱ ብዛታቸው ነው። በሽቦው ውስጥ ያለው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ እጅግ ብዙ ነው፤ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ብቻ ነው የማይታወቀን። አንስታይን በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ አንዱ ተመልካች መግነጢሳዊ የሚለውን ሌላው የሚንቀሳቀስ ተመልካች በከፊል ኤሌክትሪካዊ ሆኖ ያገኘዋል። የቻርጁ ብዛት ከማይታሰብ በላይ ስለሆነ በእንቅስቃሴ የሚመጣው ጥቃቅን ልዩነት እንኳ መርፌ ያዞራል። ሁለቱ የአንድ መስክ ሁለት ፊት ናቸው። ይህን በደንብ የሚያስረዳ ሰው ካገኘህ ጊዜ ስጠው፤ ከቨርቹዋል ፎቶን ወሬ ሁሉ ይበልጣል።

የስፒከሩ ማግኔት ግን ባትሪ የለውም። የእሱ ምንጭ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው፤ በእሱም ምክንያት ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። በአብዛኛው ቁስ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣፋሉ። በብረት ውስጥ ያልተጣፉ ይቀራሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ። ብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይህ አሰላለፍ ይፈርሳል።

አሁን «ማግኔቱ አያልቅበትም?» የሚለውን እንመልስ። ይህን የእህቴ ልጅ ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ማግኔት ምስማር ይዞ ዓመት ቢቆይ ምንም ኢነርጂ አያወጣም። ጉልበት አለ፤ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሥራ አልተሠራም። ምስማሩ ዘሎ ሲጣበቅ ኢነርጂ ይወጣል፤ የሚመጣውም በመስኩ ውስጥ ከተቀመጠው ነው። አንተ በእጅህ ስታላቅቀው ያንኑ ትመልሳለህ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት በየአቅጣጫው ነገር እየረጨ አይደለም። «እየተወራወሩ» የሚለው አባባል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲሰማው ማግኔቱ ቀን ከሌት ፎቶን የሚተፋ ይመስለዋል።

መስክ የሐሳብ ነገር ብቻ አለመሆኑ በሌላም ይታወቃል። ፋራዴይ በ1831 የሚለዋወጥ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ከረንት እንደሚያስነሳ አሳየ። የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎቻችን በዚህ መርህ ነው የሚሠሩት። ማክስዌል በ1865 ሁሉንም በቀመር አያይዞ፣ የመስኩ ንዝረት በራሱ በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ፣ ብርሃንም ይኸው እንደሆነ አሳየ። ከፀሐይ የተነሳው ንዝረት እኛ ጋ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኢነርጂው ፀሐይ ላይ የለም፤ ሐዋሳም አልደረሰም። ያለው መስኩ ውስጥ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ቨርቹዋል ፓርቲክል።

የተለመደው ምሳሌ የጀልባው ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ጀልባ ላይ ቆመው ኳስ ይወራወራሉ፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ ይራራቃሉ። ይህ መገፋፋትን ያስረዳ ይመስላል። መሳሳብን ግን አያስረዳም፤ ኳስ ወርውሮ ወዳጅን ማቅረብ አይቻልም። የማግኔት ደግሞ የባሰ ነው። በመስክ ውስጥ ከረንት የያዘ ሽቦ የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ለከረንቱም ለመስኩም ቀጥ ባለ ማዕዘን። ይህን በኳስ መወራወር ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ይደክማል። ምሳሌው የተበጀው ለማስተዋወቅ ነው፤ ጥያቄ ሲጫንበት ይሰበራል።

ጋሼን ይህን ስጠይቃቸው ስለ ፎቶን ምንም አላሉኝም። ወረቀት ሰጡኝ።

«አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። 1ን ለ0.9 አካፍዪልኝ። ግን ማካፈል አይፈቀድልሽም። መደመርና ማባዛት ብቻ።»

«ካልኩሌተርም የለም ጋሼ?»

«የለም። 1 ብለሽ ጀምሪ። 0.1 ጨምሪ። ቀጥሎ የ0.1ን 0.1 ጨምሪ። እንዲያ እያልሽ ሂጂ።»

ጻፍኩ። 1፤ ከዚያ 1.1፤ ከዚያ 1.11፤ ከዚያ 1.111። እውነትም 1ን ለ0.9 ስናካፍል 1.1111 እያለ የሚቀጥለው ነው።

«እንግዲህ ንገሪኝ፤» አሉ። «መልሱ ውስጥ 0.01 የሚባል ነገር ለብቻው ተቀምጧል?»

«የለም። መልሱ አንድ ቁጥር ነው። 0.01 እኔ የሄድኩበት መንገድ ነው።»

«ቨርቹዋል ፎቶንም እንዲሁ ነው።»

ይህን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ኤሌክትሮኖችና መስኩ አንድ ላይ የሚያደርጉትን ነገር የሚገልጸው የኳንተም፣ ማለትም የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ፣ ቀመር አለ። ቀመሩን ግን በአንድ ጊዜ፣ በትክክል፣ እስከ መጨረሻው መፍታት አይቻልም። ስለዚህ በደረጃ ይሰላል። መጀመሪያ ትልቁ ድርሻ፣ ቀጥሎ አነስ ያለው እርማት፣ ቀጥሎ የእርማቱ እርማት። ዘዴው የሚያዋጣው እያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ በ1/137 ገደማ እየተባዛ ስለሚያንስ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፋይንማን በ1949 ባሳተማቸው ጽሑፎች ለእያንዳንዱ ድርሻ ሥዕል ሰጠው። ቀጥ ያሉት መስመሮች ኤሌክትሮን ናቸው፤ ሞገድ የመሰለው ፎቶን ነው። ከሥዕሉ ውጭ የሚጀምርና የሚያልቅ መስመር እውነተኛ፣ የሚለካ ፓርቲክል ነው። በሥዕሉ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቀው መስመር ቨርቹዋል ይባላል። ስሙ የተሰጠው ለስሌቱ ቁራጭ ነው።

ቁራጩ ከእውነተኛ ፎቶን ጋር በባሕርይም ይለያል። የእውነተኛ ፎቶን ኢነርጂና ሞመንተም (የእንቅስቃሴው መጠን) የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላውም ዜሮ ነው። ዝም ብለው በቆሙ ሁለት ማግኔቶች መሃል በሚገባው ስሌት ውስጥ ግን ቨርቹዋሉ ፎቶን ሞመንተም ይዞ ኢነርጂው ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶን በየትኛውም መሣሪያ ተይዞ አያውቅም፤ ሊያዝም አይችልም። ጉልበት ማለት የሞመንተም መተላለፍ ስለሆነ የሚሳሳቡት ማግኔቶች ምንም ኢነርጂ ሳያወጡ መጎተታቸው ከዚህ ጋር ይስማማል። ሞመንተሙም በየትኛውም አቅጣጫ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መሳሳብ ከስሌቱ ያለ ችግር ይወጣል። ኳስ ብቻ ነው ያልቻለው።

ብዙ ቪዲዮ ላይ የሚሰማ ሌላ ነገር አለ። «ቨርቹዋል ፓርቲክሎች ከባዶ ቦታ ለአፍታ ኢነርጂ ተበድረው ይመልሳሉ» ይባላል። በፋይንማን ሥዕሎች ውስጥ መስመሮች በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ኢነርጂና ሞመንተም እኩል ገቢና ወጪ ናቸው። ብድር የለም። ይህን አባባል ስትሰማ አትጨነቅበት፤ እለፈው።

«እና ቨርቹዋል ፓርቲክል ውሸት ነው?» አለኝ የእህቴ ልጅ። አይደለም። ስሌቱ የሚሰጠው ቁጥር በዓለም ላይ ካሉ የሳይንስ ትንበያዎች ሁሉ ከመለኪያ ጋር በጣም ከሚገጥሙት አንዱ ነው። ይህንንም ራስህ በስልክህ ካልኩሌተር ልታየው ትችላለህ፤ ደግሞም የማግኔት ጉዳይ ነው።

ኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት ነው ብለናል። የጥንካሬው መለኪያ አለው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲራክ ለኤሌክትሮን ያወጣው የድሮ ቀመር በዚያ መለኪያ ልክ 1 ነው ይላል። በ1947 ገደማ የተሠሩ ልኬቶች ግን ከ1 ጥቂት እንደሚበልጥ አሳዩ። ሌላው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ሽዊንገር በ1948 የመጀመሪያውን እርማት አሰላ። ስሌቱ ከባድ ነው፤ የመጨረሻው መልስ ግን ማንም የሚሠራው ነው። 1ን ለ137.036 አካፍል። ያገኘኸውን ለ6.2832 አካፍል፤ ይህም የፓይ እጥፍ ነው። 0.0011614 ይመጣል። በላብራቶሪ የተለካው 1.00115965 ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አስተያይ። ቀጣዩ እርማት 0.0000018 ገደማ ይቀንሳል። ቀንሰው። 0.0011596 ላይ ትደርሳለህ።

እኔ ይህን ስሠራ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከ1 በላይ ያለችው ያቺ ቁራጭ፣ ኤሌክትሮኑ ከራሱ መስክ ጋር ስላለው ግንኙነት የምትናገር ናት።

ሥዕሎቹ በደረጃው ይበዛሉ። ለመጀመሪያው እርማት 1 ሥዕል ይበቃል። ለሁለተኛው 7፣ ለሦስተኛው 72፣ ለአራተኛው 891 ያስፈልጋል። አምስተኛው ላይ ከ12,000 ያልፋል። በአንድ ኤሌክትሮን ዙሪያ ይህን ሁሉ ፓርቲክል እያንዳንዱን በየመልኩ የሚያመላልስ ነገር አለ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የስሌት ድርሻዎች ናቸው ካልን ግን የሚከብድ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው፦ ሽዊንገር ያንን ቁጥር ያገኘው ያለ ፋይንማን ሥዕሎች ነው። በራሱ ዘዴ፣ በቀመር ብቻ። ጃፓን ውስጥ ቶሞናጋም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ንድፈ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ዳይሰን በ1949 መንገዶቹ አንድ መሆናቸውን አሳየ። ሦስቱ ሰዎች፣ ፋይንማን፣ ሽዊንገርና ቶሞናጋ፣ በ1965 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። አንድ ነገር በአንዱ ዘዴ ውስጥ ታይቶ በሌላው ዘዴ ውስጥ የማይታይ፣ መልሱም ያው ከሆነ፣ ያ ነገር የዘዴው ነው። ሽዊንገር ሲሞት ያ አልፋ ለሁለት ፓይ የሚለው ቀመር መቃብሩ ላይ ተጽፎለታል፤ አልፋ የሚባለው ያ 1/137 ገደማ የሆነው ቁጥር ነው።

የካሲሚር ክስተትም ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ሁለት የብረት ሳህኖች በጣም ሲቀራረቡ ይሳሳባሉ። በ1948 ተተንብዮ በ1997 በጥሩ ሁኔታ ተለክቷል። ክስተቱ እውነት ነው። ግን በሳህኖቹ ውስጥ ባሉ ቻርጆች መሃል ያለ ጉልበት ተደርጎም ሊሰላ ይችላል። ስለዚህ ከባዶ ቦታ ብቅ የሚሉ ፓርቲክሎች መኖራቸውን ብቻውን አያረጋግጥም።

እንግዲህ መስኩ ከምን ተሠራ? ለጥያቄው አሁን ያለው መልስ የሚያስደንቅ ነው። መስኩ ከሌላ ነገር የተሠራ አይደለም። እንደ ዛሬው ፊዚክስ መሠረቱ እሱ ነው። እውነተኛው ፎቶን የመስኩ ንዝረት ትንሹ ድርሻ ነው። ኤሌክትሮንም የራሱ የሆነ መስክ አለው፤ ኤሌክትሮን ማለት የዚያ መስክ ንዝረት ነው። ጀማሪ ፓርቲክሉን አስቀድሞ መስኩን ከእሱ ሊሠራ ይሞክራል፤ መንገዱ ግን ከመስኩ ወደ ፓርቲክሉ ነው። እኔ መስኩን አስቀድም የምለው ለማስተማር ስለሚቀል ብቻ አይደለም፤ ነገሩም እንዲያ ስለሆነ ነው።

ለመማር ለሚነሳ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ቬክተር ሳታውቅ ወደ መስክ አትግባ፤ የአቅጣጫና የመጠን ነገር ነውና ያለሱ አይሆንም። ከዚያ የለውጥ ፍጥነት ሒሳብ፣ ማለትም ዴሪቬቲቭ፣ ይመጣል። ከዚያ ሞገድ፣ ከዚያ ልዩ አንጻራዊነት፣ ከዚያ ኳንተም። ቨርቹዋል ፓርቲክል ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ እሱ ስትሰማ «ይህ የሚለካ ነው ወይስ የሚሣል?» ብለህ ጠይቅና አልፈህ ሂድ። ደግሞ ብቻህን አትማር። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ዋናው ግቢ አካባቢ ቡና የሚጠጣ የፊዚክስ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄህን ጽፈህ ይዘህ ሂድ። በአፍ ብቻ የተጠየቀ ጥያቄ በወሬ ያልቃል፤ ወረቀት ላይ ያለ ጥያቄ ሥዕል ያስወጣል፣ ቀመር ያስወጣል። መምህር ካገኘህ ደግሞ ምሳሌው የት ላይ እንደሚሰበር ጠይቀው። ጥሩ አስተማሪ ይህን ጥያቄ ይወደዋል።

እኔ አሁን ያለሁት ዲራክ በ1928 ያወጣው ቀመር ላይ ነው። ያ ንጹሕ 1 ከየት እንደመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እርማቱን በካልኩሌተር አይቼዋለሁ፣ መነሻውን ግን ገና አላየሁትም። ለዚያ ማትሪክስ ያስፈልጋል። ጋሼ በየቅዳሜው ጥያቄ ይሰጡኛል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሁለት ስፒከር ፈትቶ ማግኔቶቹን ፊት ለፊት አድርጎ ያስቀምጥና በመሃላቸው መስኩ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ በመርፌው እየፈለገ ነው።